ዶክተር ከመባላቸው በፊት

ሰሞኑን ዘጌ ቡና ተጠርቼ አንዲት እናት ልጃቸውን «ዶክተሬ» እያሉ ሲጠሩት ሰማሁ። ልጁ ገና ፍሬሽማን ነው፤ ነጥቡ ጥሩ ስለመጣለት ሕክምና ሊሞላ ነው። ሐኪም ሥራ ላይ ሆኖ አይቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ወባ ታምሜ ጤና ጣቢያ የሄድሁ ጊዜ» አለኝ።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ወዴት እንደምሄድ ታውቃላችሁ። ነጥብ ሙያ አይመርጥም፤ እስኪሰማ እጽፈዋለሁ። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ሲመለስ ልጆቹ ቆም ብለው የሚያስቡበት ጊዜ አገኙ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ዓመቱ ግን በሎጂክ፣ በሳይኮሎጂ፣ በጂኦግራፊና በሒሳብ ያልቃል። ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ ሆኖ ማደር ምን እንደሆነ፣ ልጇ ላረፈባት እናት ማን ወጥቶ እንደሚያረዳት የሚያሳያቸው የለም። ይህን የሚያዩት ዓመታት አልፈው ዋርድ ሲገቡ ነው። ያን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ዶክተር ብሎ ጨርሷል፤ በምን ፊታቸው ይመለሱ?

ምርጫው ከመሞላቱ በፊት ፈላጊዎቹ ጥቂት ሳምንት ሥራው ያለበት ይዋሉ፤ ይደሩም። የባሕር ዳሮቹ ገሚሱ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል፣ ገሚሱ አዴት መንገድ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ ሌሎቹ እዚሁ ዘጌ ጤና ጣቢያ። ታማሚ አይንኩ፤ ታማሚው ካልፈቀደም አይግቡ። የካርድ ክፍሉን ሰልፍ ይዩ። ቢልሃርዚያ የሚፈልገው የላብራቶሪ ባለሙያ አጠገብ ይቀመጡ። አዋላጇ ምጥ ስትጠብቅ አብረዋት ያንጉ። ኢንተርኑን ስለ እንቅልፉም ስለ ኪሱም ይጠይቁት፤ አይደብቃቸውም። አንዱ የእኔ አይደለም ብሎ በጊዜ ይመለሳል። ሌላዋ ሐኪም ልሁን ብላ ሄዳ ልቧ ከአዋላጅነት ጋር ይቀራል።

ሆስፒታሉ በተማሪ ተጨናንቋል የሚሉኝ አሉ። ሥራውን ሳይወድ ዕድሜውን ሙሉ ታማሚ የሚያመናጭቅ ሐኪም ይበልጥ ይጎዳናል።

ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እኮ የጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና የሳኒቴሽን ባለሙያውን በአንድ ቡድን ገጠር አውርዶ ያሠለጥን ነበር። እነሱ ሙያውን ከመረጡ በኋላ ነው የወረዱት። የእኔ ጥያቄ ትንሽ ቀደም ይበል ነው።

ደግሞስ ዘጌ ላይ ቁጭ ብሎ ይህን ማስረዳት ያስፈልጋል? የዘጌ ገዳማት የመጣውን ሁሉ ቆብ አያደርጉለትም። ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ መነኮሳቱን ይረዳል፤ አመክሮ ነው። ኑሮው ከከበደው ሳይመነኩስ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ቃል ኪዳን አላፈረሰምና ማንም አይወቅሰውም። ለሕክምና ተማሪ ይህን የመሰለ መመለሻ እንዴት ነፈግነው? የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና የክልሉ ጤና ቢሮ ተነጋግረው ሁለት ሳምንት ማመቻቸት አያቅታቸውም። የዘንድሮዎቹ ፎርም ከመሙላታቸው በፊት ይጀመር።