አድዋን ጠረጴዛ ላይ እንዘርጋው

ውድ ወላጆች፣

ዛሬ ልናወራችሁ የፈለግነው ስለ ቤት ሥራም ስለ መዋጮም አይደለም፤ ስለ ጨዋታ ነው። «ፊደል እንዲያስተምሩልን ልጆቻችንን ሰጠናቸው፣ እነሱ ደግሞ ጨዋታ ያመጡብናል» የምትሉ ትኖራላችሁ። እስቲ እስከ መጨረሻው አንብቡንና ከዚያ ፍረዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አገር ጓደኛሞች ተሰብስበው የድሮ ጦርነት ጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱበት ልማድ አለ። ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ይነጠፋል፣ ከካርቶን ኮረብታና መንደር ይሠራል። ሦስት ሳንቲሜትር ገደማ ቁመት ያላቸው፣ በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ ቀለም የተቀቡ ወታደሮች ይደረደራሉ። ተጫዋቾቹ በሜትር እየለኩ ያስኬዷቸዋል፤ ተኩሱ መታ ወይስ ሳተ የሚለውን ዳይስ ወርውረው ይለያሉ። ለሁሉም ነገር የተጻፈ ደንብ አለ። ልማዱ የቆየ ነው። የፕረሽያ መኮንኖች እ.ኤ.አ. ከ1824 ጀምሮ ለሥልጠና ይጠቀሙበት ነበር፤ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1913 ለቤት ጨዋታ የሚሆን የደንብ መጽሐፍ አሳትሟል። ትናንሾቹን ወታደሮች ማየት የሚፈልግ ከጄኔቭ ወደ ሎዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለችው ሞርዥ ይሂድ፤ እዚያ ባለው ግንብ ውስጥ ለእነሱ ብቻ የተሰጠ ሙዚየም አለ።

ከዚህ ጨዋታ አንዱ ዘርፍ «የቅኝ ግዛት ዘመን» የሚባለው ነው። እንግሊዝ ከዙሉ ጋር፣ እንግሊዝ ከሱዳን መሐዲስቶች ጋር፣ ጣሊያን ደግሞ ከእኛ ጋር። አዎ፣ አድዋም ይጫወቱታል።

እኛን ያሳሰበን እዚህ ላይ ነው። አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ዓመት የሞላቸው ተማሪዎቻችን በክፍል ጓደኞቻቸው እየተጋበዙ እንዲህ ያለውን ጨዋታ መጫወት ጀምረዋል። ከእነሱ አንዱ አንድ ቅዳሜ መጥቶ እንዲህ ሲል ጠየቀን፦ «ቲቸር፣ እኛ አድዋ ላይ ያሸነፍነው ብዙ ስለነበርን ብቻ ነው?» ሐበሻ ስለሆነ «የአገሬውን ሰው ወገን» አንተ ያዝ ብለውት ነበር። በደንቡ መሠረት የእሱ ወገን ሥራው መብዛት፣ መሮጥና መሞት ነው። የአውሮፓው ወገን ግን ጥቂት፣ ሥርዓት ያለውና ጠመንጃ የያዘ ነው። እንዲያውም በአንዳንዱ ደንብ የአገሬው ወገን ተጫዋች እንኳን አያስፈልገውም፤ ዳይሱ ያንቀሳቅሰዋል። አስቡት፣ አሳብ የሌለው ሠራዊት ማለት ነው።

ለዚህ ልጅ ምን መለስንለት? እውነቱን ለመናገር፣ በየዓመቱ የካቲት 23 የምናደርገው ነገር ለጥያቄው መልስ አይሆንም። ባንዲራ እንይዛለን፣ እንዘፍናለን፣ ዶሮ ወጥ እንበላለን። ጥሩ ነው፣ ይቀጥል። ግን በዓሉ ማሸነፋችንን እንጂ እንዴት እንዳሸነፍን አይናገርም። «እንዴት» የሚለውን ካልነገርናቸው ሌላ ሰው በራሱ ደንብ ይነግራቸዋል።

ስለዚህ አሳባችን ይሄ ነው፦ ጨዋታውን አንከልክል። እኛው ራሳችን፣ በትምህርት ቤታችን፣ በአማርኛ፣ በራሳችን ደንብ እንጫወተው።

የራሳችን ደንብ ስንል ኢትዮጵያ ሁልጊዜ የምታሸንፍበት ማለታችን አይደለም። እውነተኛው ነገር ያለበት ማለታችን ነው። ከቁጥሩ እንጀምር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጄኔራል ባራቲየሪ ከ17 ሺህ በላይ ሰውና 56 መድፍ ነበረው። በእኛ በኩል መቶ ሺህ ገደማ ነበር። አዎ፣ በዝተን ነበር። ግን አብዛኛው ዘማች ጠመንጃ ነበረው፤ መድፍም ነበረን። ጦርና ጋሻ ብቻ ይዞ የሮጠ ሠራዊት አልነበረም።

ደግሞስ መቶ ሺህ ሰው እንዴት አድዋ ደረሰ? ክተቱ የታወጀው መስከረም ላይ ነው፤ ጦርነቱ የካቲት ላይ። ከሸዋ፣ ከሐረር፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ በእግርና በበቅሎ፣ አምስት ወር ሙሉ። ይህ ሁሉ ሰው በየቀኑ ይበላል። ስለዚህ በእኛ ጨዋታ የመጀመሪያው ደንብ የስንቅ ደንብ ይሁን፦ በእያንዳንዱ ዙር እያንዳንዱ ሠራዊት ከድስቱ ባቄላ ያወጣል፤ ባቄላው ሲያልቅ ሠራዊቱ ይበተናል። ያን ጊዜ ልጆቹ አንድ ነገር ይገባቸዋል። ባራቲየሪ ሳውሪያ ላይ ምሽጉን ይዞ የተቀመጠው ስንቁ እያለቀ ነበር። የምኒልክ ሠራዊትም ስንቅ አጥሮት ስለ መመለስ ይታሰብ ነበር። ማን ቀድሞ ይንቀሳቀስ? ከሮም ክሪስፒ በቴሌግራም ይጎተጉታል። ባራቲየሪ ከምሽጉ ወጣ። ቁጭ ብሎ መጠበቅም መሣሪያ መሆኑን አንድ ልጅ ከባቄላው ይማራል፤ እኛ ሰሌዳ ላይ ብንጽፍለት ግን ቶሎ ይረሳዋል።

ሁለተኛው የውሃ ደንብ ነው። መቀሌ ላይ ጣሊያኖች የሠሩትን ምሽግ በጥቃት መስበር ከባድ ሆኖ ብዙ ሰው አለቀ። እቴጌ ጣይቱ ምንጩ ይያዝ አሉ፤ ተያዘ። ምሽጉም ጥር ላይ በጥማት እጁን ሰጠ። ሴቶች ልጆቻችን «በጦርነቱ ውስጥ እኛ የት ነበርን?» ብለው ሲጠይቁ ስንቅ አዘጋጅተናል ብቻ ብለን እንዳናልፍ ይሄ ይጠቅመናል። በነገራችን ላይ ስንቁስ ቢሆን ቀላል ነገር ነው እንዴ?

ሦስተኛው የካርታ ደንብ ነው። የጣሊያን ወገን የሚይዘው ልጅ ስህተት ያለበት ካርታ ይሰጠዋል፤ እውነት እንዲያ ነበርና። አራቱ ብርጌዶች በሌሊት ወጡ። አልቤርቶኔ ካርታው ላይ «ኪዳነ ምሕረት» የተባለው ኮረብታ ዘንድ ሲደርስ መንገድ መሪዎቹ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ወደፊት ነው አሉት፤ ከሌሎቹ ተነጥሎ ሄደ። ዳቦርሚዳ ደግሞ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገብቶ ጠፋ። አሪሞንዲ መሐል ቀረ። ተነጣጥለው ተራ በተራ ተመቱ። ከእኛ ወገን እነ ራስ አሉላ አገሩን እንደ ጓሯቸው ያውቁት ነበር፤ እነ ባሻይ አውዓሎም የጠላትን ወሬ ያመጡ ነበር። ለልጁ ጥያቄ መልሱ እዚህ አለ፦ ብዙ መሆን ብቻውን አያሸንፍም። ብዙ ሆኖ፣ በልቶ፣ አውቆ፣ በትክክለኛው ሰዓት በትክክለኛው ቦታ መገኘት ነው ያሸነፈው። ይህንን ደግሞ ጣሊያኑን ሆኖ የተጫወተው ልጅ ከሁሉም በላይ ይረዳዋል።

አሁን ወደ አማርኛው እንምጣ፤ ዋናው ሥራችን እሱ ነውና። ልጆቻችን ፊታውራሪ፣ ቀኝአዝማች፣ ግራዝማች፣ ደጃዝማች የሚሉትን ቃላት የሚያውቋቸው በአያት ስም ላይ ተለጥፈው ነው። ጠረጴዛው ላይ ግን ቃሉ ቦታ አለው። ፊታውራሪው ከፊት ይቆማል። ቀኝአዝማቹ በቀኝ፣ ግራዝማቹ በግራ። ደጃዝማቹ በደጅ፤ ደጀኑ ከኋላ። አንድ ልጅ «ቀኝአዝማች ማለት የቀኙን ክንፍ የሚያዘምት ነው!» ብሎ ራሱ ሲደርስበት ሰዋስውም አብሮ ይገባል፦ ዘመተ፣ ዘማች፣ ዘመቻ፣ አዘመተ፣ አዝማች። ርቀቱን ደግሞ በኢንችና በሳንቲሜትር ሳይሆን በስንዝር እንለካለን። የማን ስንዝር የሚለው ጭቅጭቅ ያስነሳል፤ ይጨቃጨቁ፣ በአማርኛ እስከሆነ ድረስ። «ክበበው»፣ «አፈግፍግ»፣ «ስንቅ አለቀብኝ»፣ «ማረክሁህ» ለማለት የሚያስገድድ ትምህርት ከዚህ የተሻለ እስካሁን አላገኘንም። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳቸው ምክንያት እያጣን መሆኑን ከእኛ በላይ እናንተ ታውቃላችሁ።

ተቃውሞ እንደሚኖር እናውቃለን። ከእናንተ የሰማናቸውን እናንሳ።

«በሞተ ሰው አይጫወትም» የምትሉ አላችሁ። እናከብራለን። ግን አባቶቻችን ራሳቸው ጉግስ ይጫወቱ ነበር፤ ጉግስ የፈረስ ላይ ጦርነት ልምምድ አይደለም እንዴ? ሰንጠረዥም ነበራቸው። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ መጠበቅ የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ፣ ስሙም «ወረራ» ይባላል። ጦርነትን በጨዋታ ማሰብ ከፈረንጅ የተማርነው ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ይከብዳል። ከመካከላችን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ዘመድ ያጣ ሰው አለ። አድዋ ከተማ ራሷ በዚያ ውስጥ አልፋለች። ለእነዚህ ቤተሰቦች «ጦርነት እንጫወት» ማለት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ማንም ልጅ አይገደድም፤ ወላጅ «የእኔ ልጅ አይጫወትም» ካለ ምክንያት አንጠይቅም። ለዚያ ልጅ በዚያ ሰዓት ሌላ ትምህርት ይዘጋጃል።

ሦስተኛው በጣሊያን በኩል ስለነበሩት ጥቁር ወታደሮች ነው። ከኤርትራ የተመለመሉ በሺዎች የሚቆጠሩ አስካሪዎች አድዋ ላይ ተሰልፈዋል፤ ከተማረኩት መካከል ብዙዎቹ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። ይሄን ደብቀን አድዋን አስተማርን ማለት አንችልም። ልጆቻችን እዚህ ትምህርት ቤት አጠገባቸው የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ የኤርትራ ልጅ ነው፤ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ኳስ ይጫወታሉ። ለትልልቆቹ በእርጋታ እንነግራቸዋለን። ጠረጴዛው ላይም «ባንዳ» የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ አይወረወርም። ይሄ አራተኛው ደንባችን ነው።

«ጣሊያን ቢያሸንፍስ? ልጆቹ አያፍሩም?» ብላችሁ የጠየቃችሁንም አለን። ያሸንፍ! እኛ የምንፈልገው እሱን ነው። አድዋ ሊሸነፍ ይችል የነበረ ጦርነት መሆኑን ያላየ ልጅ ድሉ እንዲሁ የመጣ ይመስለዋል። ደግሞም ከአርባ ዓመት በኋላ ጣሊያን ተመልሶ መጥቶ፣ በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ አገሩን ይዟል። ያን ጊዜ ነው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. እዚሁ ጄኔቭ፣ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የተናገሩት። የጣሊያን ጋዜጠኞች እያፏጩ ሊያስቆሟቸው ሞከሩ። ንግግሩ በአማርኛ ነበር። ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚማሩት ቋንቋ በዚህ ከተማ ዓለም ፊት ተነግሮበታል። የዙሪክ ልጆችም የራሳቸው ታሪክ አላቸው፦ የምኒልክ አማካሪ የነበረው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ፍራውንፌልድ ተወልዶ ዙሪክ የተማረ ሰው ነው። «የእናንተ ሰው የእኛን ንጉሥ ያማክር ነበር» ብለው ለክፍል ጓደኞቻቸው መናገር ይችላሉ።

አሁን ከእናንተ የምንፈልገውን እንናገር። ውድ ወታደር ግዙ አንላችሁም፤ አንድ ሠራዊት ለመሙላት የሚወጣውን ፍራንክ እናውቃለን። የቡና ፍሬ ለእኛ ወገን፣ ነጭ ባቄላ ለጣሊያን፤ ለስንቁ ደግሞ የደረቀው ትልቁ ባቄላ ይበቃል። አሮጌ አንሶላ ለመሬቱ፣ የጫማ ካርቶን ለኮረብታው። ሐሳቡ ከተስማማችሁ ከየካቲት 23 በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ ላሉት፣ የመጨረሻውን ሁለት ሰዓት እንሰጠዋለን። ሁለቱንም ወገን እየተቀያየሩ ይጫወታሉ። ወላጅ ቆሞ ማየት ይችላል፤ ጣልቃ ገብቶ «እንዲህ አድርግ» ማለት ግን ክልክል ነው፣ በተለይ አባቶች!

አንድ የቤት ሥራም ለእናንተ አለን። አገር ቤት ስትደውሉ አያቶችን ጠይቁ፦ በቤተሰባችን ውስጥ ፊታውራሪ፣ ቀኝአዝማች፣ ባላምባራስ የተባለ ሰው ነበር? የት ዘመተ? ስንቁን ማን ቋጠረለት? የሰማችሁትን በሁለት መስመር ጽፋችሁ ከልጃችሁ ጋር ላኩልን፤ ጠረጴዛው ላይ ለሚቆሙት የቡና ፍሬዎች ስም እንፈልጋለን።

ካልተስማማችሁም ቅዳሜ ልጆቻችሁን ስታደርሱ ፊት ለፊት ንገሩን። ያ ልጅ ግን ጥያቄውን ጠይቋል፤ መልሱን ከእኛ መስማት አለበት ብለን እናምናለን።

የበጎ ፈቃድ አስተማሪዎቻችሁ
ጄኔቭና ዙሪክ