ኩረጃና ክራክ

ወዳጆቼ፣ በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይሄን ፅሁፍ ከጀመርኩት ሁለት ሳምንት ሆኖኛል። ግማሹ ራሴን መክሰስ ስለሆነ እየተውኩት እንደገና ስጀምረው ቆየሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሚድ ፈተና ላይ አንድ ልጅ ሲኮርጅ ያዝኩትና ወረቀቱን ቀማሁት። በማግስቱ አይሲቲ ላብ ውስጥ ዊንዶውስ ስጭን ያው ልጅ አጠገቤ ቆሞ ያያል። አክቲቬተሩን ስከፍት “ቲቸር፣ ይሄ ክራክ ነው አይደል?” አለኝ። “አዎ” አልኩት። “ታዲያ ይሄስ ኩረጃ አይደለም?” ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ጠፋ።

ማስተማር ስጀምር አንድ ጥቁር ዚፕ ያለው የሲዲ ቦርሳ ነበረኝ፣ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ኤክስፒ፣ ሰቨን፣ ኦፊስ 2007፣ ፎቶሾፕ… ስማቸው በማርከር፣ ቁልፋቸው ደግሞ ሽፋኑ ላይ በእስክሪብቶ የተፃፈ። አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር ከመርካቶ ገዝቼ እመጣና ለጠየቀኝ ሁሉ አውስ ነበር። ስንቶቻችሁ የመጀመሪያ ኮምፒውተራችሁን ከዚያ ቦርሳ ጫናችሁ! ደግ አስተማሪ ተባልኩበት። የሰው ልፋት ነበር እኮ በደግነት የማድለው።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን ይሄ ነው። የላባችን ዴስክቶፖች ያገለገሉ ሆነው ነው የመጡት። ጎናቸው ላይ ትንሽ ስቲከር አለች፦ ዊንዶውስ 7 ፕሮፌሽናል ትላለች፣ ከስሯ 25 ፊደልና ቁጥር አለ። ያቺ ስቲከር ከማሽኑ ጋር አብሮ የተከፈለበት ፈቃድ ነበረች። እኔ ምን አደረግኩ? ፎርማት አድርጌ ከመርካቶ ያመጣሁትን ክራክ ጫንኩባቸው። የተከፈለበትን ጥለን የተሰረቀውን ጫንን ማለት ነው። ሶፍትዌር ማለት ዲስኩ ነው ብዬ ስለማስብ ስቲከሯን አንብቤም አላውቅም ነበር።

ዲስኩ ሶፍትዌሩ አይደለም። ድሮም ሲሸጥ የነበረው የመጠቀም ፈቃድ ነው፣ ላይሰንስ የሚሉት። ይሄ ፈቃድ ዓይነት አለው። አንዱ ከማሽኑ ጋር የታሰረ ነው፣ ማሽኑ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ሌላው ለብቻው ይገዛል፣ ከማሽን ወደ ማሽን ማዛወር ይቻላል። ሦስተኛው በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፈል ኪራይ ነው።

ዲስክ ግን አንድ ደግ ነገር ነበረው። አንዴ ከከፈልክ ከፈልክ ነው። ኢንተርኔት አይጠይቅህም፣ ሩቅ ሆኖ የሚያጠፋብህም የለም። አሁን ያ ዘመን አልፏል። ፎቶ ቤቶች ሁሉ የሚወዱት ፎቶሾፕ ሲኤስ 6 በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። በዓመቱ አዶቤ ከእንግዲህ በኪራይ ብቻ ነው አለ። ዊንዶውስ 11ን ብትወስዱ ፋይሉ ከ5 ጊጋ በላይ ስለሆነ ተራ ዲቪዲ ላይ እንኳን አይበቃም። ሆም የሚባለው ሲጫን ደግሞ ኢንተርኔትና አካውንት ይጠይቃል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ዲጂታል ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት “የምትገዛው ፈቃድ ነው እንጂ ባለቤትነት አይደለም” ብሎ ለገዢው እንዲናገር በሕግ ተገዷል። እዚያም ሰው ተደናግሮ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋጋው። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10ን መደገፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው። ፈቃድ ላለው ሰው ወደ 11 ማሳደግ በነፃ ነው። ችግሩ ማሽኑ ነው። 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፣ ኢንቴል ከሆነ ደግሞ በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር። የእኛ ማሽኖች 3ኛና 4ኛ ትውልድ ናቸው። ይሰራሉ፣ ምንም አልሆኑም፣ ግን “አረጁ” ተብለዋል።

ማሽኑ ቢኖረንስ? ዊንዶውስ 11 ሆም አሜሪካ ውስጥ 139 ዶላር ነው። ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ 8 ሺህ ብር አይሞላም ነበር። ዛሬ በ150 ብር ብናሰላው 20,850 ብር ይመጣል። በዶላር አንድ ሳንቲም ሳይጨምር ማለት ነው። ለላባችን 30 ማሽን 625,500 ብር፣ ያውም ኦፊስን ሳንቆጥር። ለትምህርት ቤት ቅናሽ ቢኖርም ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው። ርዕሰ መምህሬ ጋ ይዤ ብሄድ የሚሉኝን ታውቃላችሁ፤ ጠመኔም በስንት ጭቅጭቅ ነው።

“እኮ! ለዚህ ነው ክራክ የምንጠቀመው” የሚለኝ አለ። እኔም እንደዚያ ስል ኖሬያለሁ። ሁለት ነገር ሀሳቤን አስቀየረኝ።

አንደኛው አምና የደረሰብኝ ነው። ቢሮ ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ላይ ኦፊስ ስጭን አክቲቬተሩ “መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ” አለኝ። አጠፋሁ። ሁላችንም እናጠፋለን አይደል? ሌባ እንዲገባ ዘበኛውን ማሰናበት ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ፋይሎቹ በሙሉ ተቆለፉ፣ ገንዘብ የሚጠይቅ ማስታወሻም ስክሪኑ ላይ መጣ። የ10ኛ ክፍል የአንድ ሴሚስተር ውጤት እዚያ ውስጥ ነበር። ከየመምህሩ ማርክ ሊስት እየለቀምን ሦስት ሌሊት አድረን ሮስተሩን እንደገና ሰራን። የአንድ መምህር ማርክ ሊስት ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ የነዚያ ልጆች ውጤት ምን ይሆን ነበር? ከአክቲቬተሩ ለመምጣቱ ማስረጃ የለኝም። ዘበኛውን ያሰናበትኩት ግን እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ከዚህም ይከብደኛል። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ዓመት ሙሉ ለፍቶ ለመድኃኒት ቤቶች የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ሰራ። ለሁለት ሱቅ ሸጠ። ከወራት በኋላ አምስት ሱቅ ውስጥ አየው። ደውሎ “ቲቸር፣ ኮፒ አደረጉብኝ፣ ምን ላድርግ?” አለኝ። ምን ልበለው? ኮፒ ማድረግን ያስተማርኩት እኔ። እኔ ዲፕሎማ ያለኝ አስተማሪ ነኝ እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መፅሐፍ ሁሉ እንደሚጠብቅ ግን አውቃለሁ፣ እሱንም ነገርኩት። እየነገርኩት አፌ ይተሳሰር ነበር።

ታዲያ መፍትሄው ምንድነው? ድሃ ስለሆንን ከኮምፒውተር እንራቅ? በፍፁም። እኛ ያለንን መካፈል እንወዳለን፣ ይሄ ነውር አይደለም። ነውሩ መካፈል የማይፈቅደውን መርጠን መካፈላችን ነው። “ውሰድ፣ ጫን፣ ለጎረቤትህም ስጥ” የሚል ፈቃድ ያላቸው ሶፍትዌሮች እኮ አሉ። ኡቡንቱን የሚሰራው ድርጅት እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ ሲዲውን በነፃ በፖስታ ይልክ ነበር። እኛ ግን መርካቶ ሄደን ክራክ በብር እንገዛ ነበር!

ባለፈው ወር ስድስት ማሽኖች ላይ ሊኑክስ ሚንትና ሊብሬ ኦፊስ ጫንኩ። የሚንት ፋይል 3 ጊጋ አካባቢ ነው። አንዴ አወረድኩት፣ በአንድ ፍላሽ ስድስቱንም ጫንኩ፣ ለሌላ ትምህርት ቤት መምህርም ሰጠሁት። ሁሉም ሕጋዊ ነው። “አረጁ” የተባሉት ማሽኖች ቀልጠፍ ብለው ይሰራሉ፣ አማርኛም ይፃፍባቸዋል።

ሁሉም አልጋ በአልጋ ነው አልልም። ከወርድ የመጣ ፋይል አንዳንዴ ሰንጠረዡ ይዛነፋል። ፒችትሪ የሚሰራ የሂሳብ ሰራተኛ ዊንዶውሱን መተው ይከብደዋል። ለሱ የምመክረው ይሄን ነው፦ ላፕቶፑ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ይዞ የተገዛ ከሆነ ቁልፉ ብዙ ጊዜ ማዘርቦርዱ ላይ አለ። ያንኑ ኤዲሽን ከማይክሮሶፍት ገፅ አውርዶ ቢጭን ራሱ ያነበዋል። “ሶፍትዌር እንጭናለን” የሚል ቤት ወስዳችሁ በክራክ ከማስገልበጣችሁ በፊት ይሄን ጠይቁ። የተከፈለበትን አትጣሉ፣ እኔ ጥዬዋለሁ።

ልጁን በቀጣዩ ፔሬድ ጠራሁትና “አዎ፣ ኩረጃ ነው” አልኩት። አሁን ከስድስቱ ማሽኖች ሁለቱን የጫነው እሱ ነው።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ከዚያ ጥቁር ቦርሳ ለወሰዳችሁት ሁሉ ይቅርታ። አሁን ቦርሳው የለም፣ ፍላሽ ግን አለኝ። ባዶ ፍላሽ ይዞ ለመጣ ሁሉ እሰጣለሁ፣ በዚህኛው አላፍርም። የማትስማሙ ኮሜንት ላይ ሞግቱኝ፣ ያለስድብ። መምህራን ደግሞ ሼር አድርጉት።

ቸር ሰንብቱ።