«ሁሉም ያው ነው» አትበሉኝ

«ሁሉም ያው ኢየሱስን ነው የሚያምነው፤ ምን ያጨቃጭቃል?» የምትባለዋ ንግግር ሰልችታኛለች። እኔ በምኖርበት አሜሪካ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰውና ስማቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚዞሩት የሞርሞን ወጣቶች የሐበሻ በር ባንኳኩ ቁጥር ትነሣለች። ከወዲያ ማዶ ደግሞ «ሰይጣን አምላኪዎች!» የሚል ጩኸት ይሰማል። ሁለቱም ስንፍና ነው። አንዱ ሳይጠይቅ ያቅፋል፣ ሌላው ሳያውቅ ይረግማል።

ሞርሞኖች ኢየሱስ ክርስቶስን አዳኛችን ይሉታል፤ የሚሉትም ከልባቸው ነው። ከማርያም መወለዱን፣ ስለ ሰው ኃጢአት መሞቱን፣ በሥጋ መነሣቱን፣ ዳግም መምጣቱን ይሰብካሉ። በጌቴሴማኒ ደም እስኪያልበው የተቀበለውን መከራ ከመስቀሉ ጋር የቤዛነቱ እምብርት ያደርጉታል። ይህን የሚክድባቸው ሰው ዋሽቷል። ስሙን መጥራታቸው አያከራክርም። ማን ነው እንደሚሉት ግን እንከራከር።

በእነርሱ ትምህርት አብ የሥጋና የአጥንት አካል አለው፤ ወልድም እንዲሁ። በፈቃድና በዓላማ አንድ ናቸው ይላሉ፣ በባሕርይ አንድ አምላክ ናቸው ግን አይሉም። ኢየሱስ ከሰማያዊ ወላጆች የተወለደ የመንፈስ ልጆች በኩር ነው፤ እኛም የዚያው ቤት ልጆች ስለሆንን ታላቅ ወንድማችን ነው። ሉሲፈርም ከዚያው ቤት ወጥቶ የወደቀ ነው። መሥራቹ ጆሴፍ ስሚዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1844 በናቩ፣ ኢሊኖይ ባሰማው ስብከት፣ እግዚአብሔር ራሱ በአንድ ዘመን ሰው እንደነበረና ሰውም አምላክ ወደ መሆን ሊያድግ እንደሚችል አስተማረ። በ1982 ከሐዋርያቶቻቸው አንዱ ብሩስ ማኮንኪ ለብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲናገር፣ በፍጹም ትርጉሙ የሚመለከው አብ ብቻ እንደሆነ ገልጾ፣ ከክርስቶስ ጋር የተለየ የግል ቅርበት መሻትን እንዲጠነቀቁ መከራቸው። አንባቢዬ ሆይ፣ ይህ «ያው ነው»?

ይህ ክርክር ለእኛ የባዕድ አይደለም። አርዮስም የክርስቶስን ስም ይጠራ ነበር። በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ያወገዙት ወልድን ከአብ ጋር በባሕርይ የተካከለ አይደለም ስላለ ነው። ከትምህርቱ ጋር ዕድሜውን ሙሉ የታገለው አትናቴዎስ፣ አባ ሰላማ የምንለውን ፍሬምናጦስን ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ ሾመ። ለአርዮሳውያን ያደላው ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንዮስ ለአክሱም ገዢዎች ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ ፍሬምናጦስ ተመልሶ ይመርመር ብሏል። ቤተ ክርስቲያናችን ግን በአትናቴዎስ እምነት ጸናች። ሞርሞኖች አርዮሳውያን ናቸው እያልኩ አይደለም፤ ትምህርታቸው ከአርዮስም ይለያል። ግን ወልድ ከአብ ጋር አንድ አምላክ ነው ወይስ ሌላ ህልውና የሚለው ጥያቄ ያው ነው፤ አባቶቻችን ዋጋ ከፍለው የመለሱትን ጥያቄ እኛ ለይሉኝታ ብለን «ያው ነው» እንበል?

ደግሞ ልዩነቱን ያወጁት ራሳቸው ናቸው። ጆሴፍ ስሚዝ በ1838 በተጻፈው ታሪኩ፣ በ1820 የትኛው ቤተ ክርስቲያን ልግባ ብሎ ሲጸልይ፣ ወደ የትኛውም እንዳይገባና የእምነት መግለጫዎቻቸው ሁሉ በጌታ ፊት አስጸያፊ እንደሆኑ እንደተነገረው ይተርካል። ከእነዚያ መግለጫዎች ውስጥ የእኛም ጸሎተ ሃይማኖት አለበት። ሰውየው ለያይቶን ሄዶ ሳለ፣ የኛ ሰው «አንድ ነን» እያለ ይከተለዋል!

በ2018 የወቅቱ ፕሬዚዳንታቸው ራስል ኔልሰን «ሞርሞን አትበሉን፤ የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በሉን» ሲሉ ብዙ ሰው ነገሩ ያለቀለት መሰለው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዚህችን ቤተ ክርስቲያን ስም ግን በ1834 የሽማግሌዎቿ ጉባኤ ክርስቶስን በማይጠቅስ ስም ቀይሮት፣ እስከ 1838 በዚያው ኖራለች። ስም ይቀየራል፣ ምልክት ይሳላል፤ ትምህርቱ ባለበት ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ከ1852 ጀምሮ እስከ 1978 ጥቁር ወንድ ክህነት ተከለከለ፤ ጥቁር ወንድም ሴትም የቤተ መቅደሱን ከፍተኛ ሥርዓቶች ተነፈጉ። በእነርሱ ትምህርት ወደ ታላቁ ክብር የሚወስደው መንገድ በዚያ ቤተ መቅደስ በኩል ነው። ጥምቀት አልተከለከለም፤ በሩ ድረስ ና፣ ወደ ውስጥ አትግባ ማለት ነው። ለእገዳው የሰጡትን የቀድሞ ማብራሪያ በ2013 በይፋ አውግዘዋል፤ መልካም። እኔ ግን የኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ወገን ነኝ። ፊልጶስ ሠረገላው ላይ ወጥቶ ያስተማረው ለጥቁር ሰው የተቆረሰ ጎዶሎ ወንጌል አልነበረም።

የበላሁበትን ወጪት ሰባሪ አይደለሁም። በእኛ አቆጣጠር በ1977ቱ ረሃባችን፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1985፣ አባሎቻቸው ጾመው የቆጠቡትን ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለኢትዮጵያና ለሌሎች ረሃብተኞች ሰጥተዋል። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ውለታ በምስጋና ይመለሳል፤ በሃይማኖት አይከፈልም።

ስለዚህ በር ሲያንኳኩ አትስደቧቸው፤ የሰው ልጆች ናቸው፣ ከእናታቸው ርቀው የመጡ። ቡና አይጠጡም፤ ውኃ ስጧቸው። ከዚያ ጠይቋቸው፦ ክርስቶስ ከአብ ጋር አንድ አምላክ ነው ወይስ ሁለተኛ? መልሳቸውን በትዕግሥት ስሙ፤ የራሳችሁንም ተናገሩ። የምትናገሩት ከሌላችሁ ግን ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም። እነዚያ ልጆች የሥራና የትምህርት ጊዜያቸውን ትተው ያመኑትን ሊያስረዱ መጥተዋል፤ እኛ ጸሎተ ሃይማኖትን በቃላችን ይዘን ትርጉሙን ለልጆቻችን ማስረዳት አቅቶናል። መጀመሪያ የራሳችሁን ተማሩ። ያኔ «ሁሉም ያው ነው» ማለት ያሳፍራችኋል።