የቃሉን ጅራት ሳናይ አንፈርም

እኛ ድንበር ተሻግረን የምንነግድ ሰዎች በቋንቋ አንታማም። ሞያሌ ላይ በኦሮምኛ፣ ቶጎ ውጫሌ ላይ በሶማሊኛ፣ ናይሮቢ ስንገባ በስዋሂሊ ዋጋ እንከራከራለን። የጭነት ሰነዱ ግን ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። እዚያ ላይ መጨረሻቸው ብቻ የሚለያይ ቃላት ገንዘባችንን ይዘው ይጠብቁናል።

ኮንሳይነር ዕቃውን የሚልከው ነው፤ ኮንሳይኒ የሚረከበው። ፔየር ከፋይ፣ ፔዪ ተከፋይ። ሌሰር አከራይ፣ ሌሲ ተከራይ። አማርኛችን ልዩነቱን ከፊት ነው የሚያስቀምጠው፤ ከፋይ ላይ «ተ» ሲጨመር ሰውየው ይለወጣል። እንግሊዝኛው ከኋላ ነው። እኛ የቃሉን መጀመሪያ አይተን «አውቀነዋል» ስንል ጅራቱ ያመልጠናል። ደግሞም ጅራቱ ሁልጊዜ ሰው ማለት አይደለም፤ ጋራንተር ዋሱ ነው፣ ጋራንቲ ግን ዋስትናው ራሱ ነው።

ይህ የሰዋስው ጨዋታ አይደለም። ስማችን ያለቦታው ከገባ ዕቃውን ልንረከብ ስንቀርብ ሰነዱ አይመሰክርልንም። እርማቱ እስኪመጣ ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ ይቆማል፤ ኪራዩ ይቆጠራል። በኤል ሲ ስናስመጣ ደግሞ በኮንሳይኒ ቦታ የሚሰፍረው ብዙ ጊዜ ባንኩ ነው። የእኛ ስም ኖቲፋይ ፓርቲ በሚለው ሥር ይገባል። ይህም «ዕቃው መድረሱ ይነገረው» ማለት እንጂ «ይረከብ» ማለት አይደለም። ባንኩ ሰነዱን ካልለቀቀልን ዕቃውን አናነሳም።

«ትራንዚተሩ ያውቃል» ማለት አይበቃም፤ ቢሳሳት ከሳሪው ባለ ዕቃው ነው። «ልጄ እንግሊዝኛ ትችላለች» ማለትም ብቻውን አይበቃም። ልጆቻችን ፊደሉን አጥርተው ያነባሉ፣ ማን ላኪ ማን ተቀባይ እንደሆነ የምናውቀው ግን እኛ ነን። ስለዚህ አብረን እንቀመጥ። እነሱ እስከ መጨረሻዋ ፊደል ያንብቡልን፤ እኛ በቅጂው ላይ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ «ላኪ»፣ «ተረካቢ»፣ «ከፋይ» ብለን በአማርኛ እንጻፍ። ያልገባንን ከመፈረማችን በፊት እንጠይቅ።

መጠየቅ አያሳፍርም። ሚዛን ላይ ግራም የማናሳልፍ ሰዎች ወረቀት ላይ ፊደል የምናሳልፍበት ምክንያት የለም።