ሕግና ግብረ ገብ በልጆች ጋብቻ ነገር

ሕግ ሰውን መልካም ምግባር እንዲይዝ ያስገድደው ዘንድ ይገባልን፤ ወይስ አንዱ ሌላውን እንዳይበድል መከልከል ብቻ ይበቃዋል? ይህ ጥያቄ ለሊቃውንት ብቻ የተተወ ይመስላል። ዳሩ ግን በምሥራቅ ጎጃም፣ በጉንደ ወይን አገር ትንሽ ልጁን ለመዳር ድግስ የሚያሰናዳ አባወራም ሳያውቀው በክርክሩ መካከል ገብቶበታል።

ጥንታዊው የግሪክ ፈላስፋ አርስቶትል፣ ሕግ ሰውን በልማድ እያሠለጠነ ደግ ያደርገዋል አለ። እንግሊዛዊው ጆን ስቱዋርት ሚል ግን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1859 ባሳተመው ስለ ነጻነት በሚናገር መጽሐፉ፣ መንግሥት ሰውን ሊያስገድድ የሚችለው ሌላውን እንዳይጎዳ ሲሆን ብቻ ነው ሲል ጻፈ። የእኛ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በሁለቱ መካከል የቆመ ይመስላል፤ አመንዝራነትን ወንጀል ቢለውም፣ የተበደለው ባል ወይም የተበደለችው ሚስት ካልከሰሱ ዳኛ ነገሩን አያይም። ይህ ለአዋቂዎች ነው።

የትንሽ ልጅ ጋብቻ ግን ከዚህ ይከብዳል። ወላጆቹ ክፉ ልብ የላቸውም፤ የልጃቸው ንጽሕና እንዲጠበቅ፣ ሁለቱም ቤቶች እንዲዛመዱ፣ አያትም በዓይኗ ሳለች ሠርጉን እንድታይ ይመኛሉ። ይህም ራሱ በአገሩ ዘንድ ግብረ ገብ ነው። እንግዲህ ሕጉ የሚያጸናው የማንን ግብረ ገብ ነው?

በእኛ አሳብ የልጅቱን ነው። ሚል ራሱ ነጻነት ያለው ለአዋቂ እንጂ ለሕፃን አይደለም ብሏል። የጀርመኑ ካንትም ሰው ለሌላ ሰው ጉዳይ መሣሪያ ብቻ እንዳይሆን አስተምሯል፤ በልጅነቷ አማች ማግኛ የተደረገች ምን ሆነች? አርስቶትልማ (ይህን ብዙ ሰው አያነሣውም) ሴት ልጅ በ18 ዓመት ገደማ ብታገባ ይሻላል፤ ገና ልጅ ሳሉ የሚወልዱት በምጥ ብዙ ይሞታሉ ብሎ ጽፏል።

የእኛ ሕግ ግን ወደዚያ የደረሰው ቀስ ብሎ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት ወሰነ፤ የ1992ቱ የቤተ ሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገ፤ የአማራ ክልልም በ1995 በራሱ ሕግ ይህንኑ አጸና። ልጅቱ ከ13 ዓመት በታች ብትሆን ቅጣቱ እስከ 7 ዓመት ጽኑ እሥራት ይደርሳል።

ይሁን እንጂ ሠርጉ በሌላ ድግስ ስም ይሸፈናል፤ የልደት ወረቀት ባልነበረበት ቤት ዳኛው ዕድሜዋን በምን ያውቃል? በሰማንያ ቀኗ ያጠመቃት ካህን ግን ዘመኑን ያውቃል። ድግሱን እንዲባርክ የሚጠራውም ብዙ ጊዜ እርሱው ነው።