ወደቡን የዋጠው አሸዋ



በደቡብ ምዕራብ ቱርክ፣ በሜዲትራንያን ባሕር ዳርቻ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. የተከፈተ «የሊቅያ መንገድ» የሚባል የእግረኛ መንገድ አለ። እጅግ ረጅም ስለሆነ ሙሉውን ለመጨረስ ሳምንታት ይፈጃል፤ ከደሊክኬመር እስከ ፓታራ ያለው ግን በአንድ ቀን ይዘለቃል።

ደሊክኬመር ላይ በሮማውያን ዘመን ለፓታራ ከተማ ውኃ ያሳለፈው ግንብ ዛሬም ይታያል። ቧንቧው መሐሉ የተፈለፈለ፣ እየተገጣጠመ የተደረደረ ድንጋይ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ቢያፈርሰው መልሰው ጠግነውታል።

ታች ፓታራ ሲደረስ ግን ወደቡ የለም። ጥቂት በጥቂት የተከማቸ አሸዋና ደለል ዘግቶት ረግረግ ሆኗል። ትልቁ የድንጋይ ቴአትርም ተቆፍሮ እስኪወጣ ድረስ በአሸዋ ተውጦ ነበር።

አላህ (ሱ.ወ.) በሮማውያን ስም በተሰየመችው በሱረቱ-ር-ሩም፣ በምድር ላይ ተጉዘን ከኛ በፊት የነበሩትን ብርቱዎች ፍጻሜ እንድናስተውል ያሳስበናል።

የቤታችንም ነገር እንዲሁ ነው። ድንገተኛ መከራ ሲመጣ ቤተሰብ ተሰባስቦ ዱዓ ያደርጋል፤ የፈረሰውን ይጠግናል። ዛሬ ሱብሒ ሲያልፍ፣ ነገ ቁርኣን ሳይከፈት ሲውል ግን የሚደነግጥ የለም፤ የአሸዋ ቅንጣት ነውና።

መድኃኒቱም በጥቂት በጥቂቱ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ትንሽም ብትሆን የሚዘወተር ሥራ አላህ ዘንድ ተወዳጅ መሆኑን አስተምረውናል። እንግዲያው ዛሬ ማታ ከልጆቻችን ጋር አንድ ገጽ እንቅራ፤ ነገም እንድገመው።

አላህ ቀልባችንን ከደለል ይጠብቅልን። ኣሚን።