«በዚህ ዕድሜ?» ለሚሉኝ ሰዎች

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ይህን የምጽፍልህ እኔ በልብስ ስፌት የምተዳደር፥ ዕድሜዬ 43 ዓመት የሆነ የሽሮ ሜዳ ሰው ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ባለ 20 ኢንች ጎማ ትንሽ ብስክሌት ገዝቼ፥ በእንጦጦ ግርጌ፥ ከባሕር ዛፉ በታች፥ የሰፈር ልጆች በአካፋ ባበጁት ጉብታ ላይ መሽቀዳደም ጀመርሁ። ከዚያን ቀን አንሥቶ ጎረቤቱም፥ ዘመዱም፥ ደንበኛውም ተማክረው የያዙት ቃል ይመስል «በዚህ ዕድሜ?» ይሉኛል። ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ሰማሁ። አሁን ግን መልሴን በጽሑፍ ልስጥ፤ ይህ ቃል ጥቂት ቆይቶ አንተንም ያገኝሃልና።

ስለ ምን እንደምናገር እንድታውቅ ጨዋታውን በአጭሩ ላስረዳህ። ስሙ ቢ.ኤም.ኤክስ ነው። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ፥ ሞተር ብስክሌት ለመግዛት አቅም የሌላቸው ልጆች በአፈር ሜዳ በሞተር የሚሽቀዳደሙትን ትልልቆች አይተው በተራ ብስክሌት ያስመሰሉት ነው። እንደ ሕጉ ስምንት ሰዎች በቁልቁለት ራስ ላይ ከቆመ መዝጊያ ጀርባ ተሰልፈው በአንድ ጊዜ ይለቀቃሉ፤ ከ300 እስከ 400 ሜትር የሚሆነውን ጉብታና ጥምዝም ከግማሽ ደቂቃ እምብዛም በማይበልጥ ጊዜ ይጨርሱታል። በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ የኦሊምፒክ ውድድር ሆኗል። በውጭ አገር 30 ዓመት ላለፋቸው ሰዎች የተለየ ምድብ አለ። የእኛው ግን መዝጊያም ዳኛም የለውም፤ አንዱ ልጅ «ሂዱ!» ይላል፥ አራት ሆነን እንወርዳለን፥ እንጨት የተጫነች አህያ ብቅ ያለች እንደ ሆነ ሁላችንም ፍሬን እንይዛለን።

አደጋ አለው። የለውም የሚል ሰው ዋሾ ነው። ጎን ለጎን ሲወረድ ክርን ከክርን ይጋጫል፤ የፊት ጎማው ከጉብታው ጫፍ ላይ አጉል ካረፈ ሰውየው በመሪው ላይ አልፎ ይወረወራል፤ የሚወድቅ ሰው ደግሞ ሳያስበው እጁን ይዘረጋልና የእጁ አንጓ፥ ወይም በአንገትና በትከሻ መካከል ያለው አጥንት ይሰበራል። እኔም ባለፈው ኅዳር በግራ ትከሻዬ ወድቄ ይህንኑ አጥንት ሰበርሁ። ዘመዶቼ ወጌሻ ጋ ሊወስዱኝ ሲነሡ እኔ ራጅ ካልተነሣሁ ብዬ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ሰባት ሳምንት ክንዴ በአንገቴ ታስሮ ተቀመጥሁ። ስፌት በአንድ እጅ አይሆንም፤ ጨርቁን የሚመራው ግራ እጅ ነውና። ለጥምቀት የተቀበልሁትን አሥራ አንድ ቀሚስ፥ ጥበቡ ከሸማኔ እጅ ወጥቶ የተዘጋጀውን ሁሉ፥ ለሌላ ሰፊ አሳልፌ ሰጠሁ። የወጣልኝንም የዕቁብ ዕጣ ሸጥሁ።

እንግዲህ ክርክሬ እዚህ ላይ ይጀምራል። ቤቴ ሊጠይቀኝ የመጣው ሰው ከሃያ አያንስም። ሁሉም ስለ አደጋው ተናገረ፥ ሁሉም ከንፈሩን መጠጠ። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድ እንኳ «የራስ ቁር አድርገህ ነበር? ፍሬኑ ይይዝ ነበር? መሬቱ እርጥብ ነበር?» ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ስለ አጥንቴ በእውነት የፈራ ሰው የሚጠይቀው ይህን ነበር። የተጠየቅሁት «ስትወድቅ ማን አየህ?» ተብዬ ነው። አንድ የዕድራችን ትልቅ ሰው፥ ስማቸውን አላነሣም፥ «ልጆችህ ቆመው እያዩ አንተ ስትጋልብ አታፍርም?» አሉኝ። «ጋሼ፥ ልጆቼ መች ቆሙ? የሚቀድሙኝ እነሱ አይደሉም?» ብላቸው ባሰባቸው። ያን ዕለት ገባኝ። የፈሩልኝ ስብራቱን ሳይሆን ነውሩን ነው፤ ነውር ደግሞ ብቻውን መምጣት ስለሚያፍር የጥንቃቄን ካባ ደርቦ ይመጣል።

እውነት አደጋን የሚፈሩ ቢሆኑ ኖሮ አደጋን በሚዛን በመዘኑት ነበር። እኚሁ ሰው ወደ ፒያሳ ሲወርዱ ቀበቶ በሌለው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አምስተኛ ሆነው ይቀመጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ቆጠረው እ.ኤ.አ. በ2021 በመላው ዓለም በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ያህል ነው፤ ስለዚህ ግን ማንም ለማንም «በዚህ ዕድሜ ታክሲ ትሳፈራለህ?» አይለውም። እኔ ራሴ ሃያ ዓመት በስፌት መኪና ላይ ጎብጬ ኖርሁ። ወገቤ ተያዘ፥ ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ ይቆረጥ ጀመር፥ ሐኪሙም ስኳርህ ከፍ ብሏልና ተንቀሳቀስ አለኝ። ያ ሁሉ ሲሆን ሰፈሩ «ጭምት ሰው ነው፥ ከወንበሩ አይነሣም» እያለ ያመሰግነኝ ነበር!

አበበ ቢቂላን አስበው። በ1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ፥ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ተጫምቶ ማራቶንን ያሸነፈ ሰው ነው። ከወገቡ በታች ሽባ ያደረገው ሩጫ አልነበረም፤ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ይነዳው የነበረው መኪና ተገልብጦበት ነው። ከዚያም በኋላ አልተቀመጠም፤ ወይም ተቀምጦም አልተቀመጠም ብል ይሻላል። በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ቀስት ተምሮ በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ተወዳደረ፤ በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ በውሻ በሚጎተት የበረዶ ተንሸራታች ተሽቀዳድሞ አሸነፈ። ዕድሜው 38 ነበረ። በረዶ የት ለምዶ ነው?

ብስክሌትማ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በገባችበት በሜልቦርን፥ በኅዳር 1949 ዓ.ም.፥ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ 188 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው መንገድ ላይ ተወዳድረዋል። ጽጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። «እነሱ ወጣቶች ነበሩ» ትለኝ ይሆናል። በዚያው በሜልቦርን የሮጠው ማሞ ወልዴ ግን በሜክሲኮ የማራቶን ወርቅ ሲያገኝ 36 ዓመቱ ነበረ። እኔ ወርቅ እንደማላገኝ ዐውቃለሁ፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በየእሑዱ ይቀድመኛል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የባለቤቴ ቃል ነው። እሷ የሰው ዓይን አላስጨነቃትም። «ሁለተኛ ብትሰበር የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ማን ይከፍላል?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ በአበበ ቢቂላ ስም ማምለጥ አይቻልም። ስለዚህ ብስክሌቱ ስምንት ወር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቆየ፤ እኔም ከምሰፋው ከእያንዳንዱ ቀሚስ ጥቂት ጥቂት እያነሣሁ፥ ሁለት ወር ሥራ ብፈታ ቤቱን የሚያቆም ገንዘብ በስሟ አስቀመጥሁ። ፊትን ጭምር የሚሸፍን የራስ ቁር፥ ጓንትና የጉልበት መከላከያ ገዛሁ። ከኅዳር እስከ ጥር፥ የጥምቀትና የሠርግ ሥራ በሚበዛበት ጊዜ፥ ላልነካው ቃል ገባሁላት። ዝናብ በጣለ ማግስትም አልወርድም። ጉብታውን እንደ ልጆቹ አልዘለውም፤ ሁለቱም ጎማዎች መሬት ሳይለቁ፥ ጉልበቴን እያጠፍሁና እየዘረጋሁ አልፈዋለሁ። ይህ ያዘገያል። ልጆቹ ይሥቃሉ።

አንተም ብትሆን፥ ወጣቱ ወዳጄ፥ ከዚህ ነገር ንጹሕ አይደለህም። እነዚያ የሚሥቁት ልጆች ራሳቸውን ገልጠው ይወርዳሉ፤ ለምን ብላቸው «ቁር ያደረገ ፈሪ ይባላል» አሉኝ። ቁር ከባድ የራስ ጉዳትን በእጅጉ እንደሚቀንስ በጥናት የታወቀ ነገር ነው፤ አጥንት ይጠገናል፥ አእምሮ ግን ወጌሻ የለውም። እንግዲህ በእናንተና በዕድሩ ሽማግሌ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? እሳቸው «ሰው ምን ይላል» ብለው ከብስክሌቱ ሊያወርዱኝ ይፈልጋሉ፤ እናንተ ደግሞ «ሰው ምን ይላል» ብላችሁ ራሳችሁን ለድንጋይ ትሰጣላችሁ። ይህን ስነግራቸው አኩርፈው ነበር። አሁን ገንዘብ አዋጥተው ሁለት ቁር ገዝተው፥ ዘጠኝ ሆነው ይቀያየሩበታል፤ ላቡ ደስ አይልም፥ ግን ያደርጉታል።

እኚያ ትልቅ ሰው ዛሬም በሱቄ ደጃፍ ሲያልፉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ይግቡ፤ ወንበር አለኝ። ስለ ፍሬኑ የጠየቁኝ እንደ ሆነ መኪናዬን አቁሜ፥ ብስክሌቱን ከግድግዳው አውርጄ አሳያቸዋለሁ።